የሹማን ሬዞናንስ፦ በወረቀት ማስላት፣ በሽቦ መያዝ፣ በግራፍ ማንበብ

በምድር ገጽና በላይኛው ከባቢ አየር መካከል ያለው ቦታ ሌት ተቀን ያስተጋባል። የሚያስተጋባው ግን ድምፅ ሳይሆን የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ነው። ዋናው ድግግሞሹ 7.83 ኸርዝ ይሆናል፤ በሰከንድ ወደ 8 ጊዜ የሚጠጋ ማለት ነው። ሳይንቲስቶች የሹማን ሬዞናንስ ይሉታል፤ ሬዞናንስ ማለት አንድ ነገር ለመጠኑ በሚስማማው ድግግሞሽ ሲያስተጋባ ነው።

በቴሌግራምና በቲክቶክ ደግሞ "የምድር የልብ ምት" ተብሎ ብዙ ይወራበታል። ምቱ ፈጥኗል (ወደ 13 ኸርዝ ወጥቷል የሚሉም አሉ)፣ ቀኑ አጥሯል፣ የራስ ምታታችሁም ከዚያ ነው ይባላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ወሬ ከክርክር የተሻለ መልስ አለ። ነገሩ ከየት እንደሚመጣ በወረቀት ማስላት፣ ከዚያም ሽቦ ጠምጥሞ በራስ እጅ መለካት ይቻላል። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ትዝ የሚለውና ኤሌክትሮኒክስ መበየድ የሚችል ሰው ይወጣዋል። ርካሽ ነው አልልም፣ ቀላልም አይደለም። ትዕግሥት ግን ከገንዘብ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 1፦ ሞገዱ የታሰረበትን ቦታ ማወቅ

ከታች መሬትና ባሕር አሉ። ሁለቱም ለእንዲህ ያለ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ናቸው፤ ባሕሩ በተለይ። ከላይ፣ ቀን ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ፣ ሌሊት ደግሞ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ አዮኖስፌር አለ። እዚያ የፀሐይ ጨረር ከአየሩ አተሞች ላይ ኤሌክትሮኖችን ስለሚነጥቅ አየሩ ራሱ አስተላላፊ ይሆናል። በመሃል ያለው የምንተነፍሰው አየር ግን ከሞላ ጎደል አያስተላልፍም። እናም ሞገዱ በሁለት አስተላላፊ ግድግዳዎች መካከል ይታሰራል። ወደ ላይም ወደ ታችም መውጫ ስለሌለው የሚቀረው መንገድ ምድርን መዞር ብቻ ነው።

ላይ አስተላላፊ ንብርብር አለ የሚለውን ሐሳብ ተመራማሪዎቹ ኬነሊና ሄቪሳይድ በየፊናቸው በ1902 እ.ኤ.አ. አቀረቡት። አፕልተን በ1920ዎቹ በሙከራ አረጋገጠው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪንፍሪድ ኦቶ ሹማን ደግሞ በሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ1952 እ.ኤ.አ. ቦታው የራሱ የሬዞናንስ ድግግሞሾች እንደሚኖሩት አሰላ። ከተማሪው ከኸርበርት ኮይኒግ ጋር ሆኖ በመለኪያ ሊይዘውም ሞከረ። ሬዞናንሶቹን በግራፍ ላይ እንደ ጉብታ በግልጽ ያሳየው መለኪያ የመጣው ግን በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ባልሰርና ዋግነር ያደረጉት።

ኃይሉ የሚመጣው ከመብረቅ ነው። የሳተላይት ቆጠራዎች እንደሚያሳዩት በመላው ዓለም በየሰከንዱ ከ40 እስከ 50 ጊዜ ይበርቃል። እያንዳንዱ መብረቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አምፔር የሚያፈስ አጭር ምት ነው። አጭር ምት ውስጥ ደግሞ ሁሉም ዓይነት ድግግሞሽ አለ። ከበሮ ሲመታም እንዲሁ ነው፤ የእጁ ምት የራሱ ዜማ የለውም፣ ድምፁን የሚመርጠው የከበሮው መጠንና ቆዳ ነው። ምድርና አዮኖስፌርም ከመብረቁ ውስጥ ለመጠናቸው የሚስማማውን ብቻ ያቆያሉ፣ የቀረው ይጠፋል።

ማስተጋባቱ ረጅም አይደለም። አንድ ምት በ0.15 ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ይደክማል። እስከዚያ ድረስ ግን ሌላ ቦታ ስድስት ሰባት ጊዜ በርቋል። ያለማቋረጥ የሚሰማውም ለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ ድግግሞሹን በወረቀት ማስላት

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ወሬና እውቀት የሚለዩት እዚህ ላይ ነው።

በቀላሉ ጀምሩ። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ፤ 7.5 ይመጣል። ሞገዱ በሰከንድ ምድርን 7 ጊዜ ተኩል ይዞራል ማለት ነው። ከ7.83 ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያቆማል። መቀራረቡ ግን ግጥምጥሞሽ ነው፣ ሒሳቡም አላለቀም።

ሞገዱ በቀለበት ላይ ሳይሆን በሉል ላይ ነው የሚጓዘው። ከመብረቁ ቦታ በሁሉም አቅጣጫ ይሰራጫል። በሉል ላይ ሲሰላ 7.5 በሌላ ቁጥር ይባዛል። ለመጀመሪያው ሬዞናንስ የ1 በ2 ብዜት ስኩዌር ሩት፣ ለሁለተኛው የ2 በ3፣ ለሦስተኛው የ3 በ4። ካልኩሌተር አንሡና ሞክሩት። 10.6፣ 18.4 እና 26 ኸርዝ ታገኛላችሁ።

በመለኪያ የሚታየው ግን 7.8፣ 14.3፣ 20.8፣ 27.3 እና 33.8 ኸርዝ ገደማ ነው። ሁሉም ከስሌቱ ያንሳሉ። ለምን? አዮኖስፌር እንደ ብረት ሰሌዳ ጠንካራ ግድግዳ ስላልሆነ ነው። የሞገዱ ኤሌክትሪካዊ ክፍል 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። ማግኔታዊው ክፍል ግን ዘልቆ እስከ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሁለቱ እኩል ከፍታ ላይ ባለመቆማቸው ሞገዱ ከብርሃን ፍጥነት ወደ ሦስት አራተኛው ይዘገያል። 10.6ን በሦስት አራተኛ አባዙት፤ 7.9 አካባቢ ያርፋል። ለእኔ ከጠቅላላው ነገር የሚያምረው ይህ ነው። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው አየር ምን እንደሚመስል ከአንድ ቁጥር መቀነስ ማወቅ ይቻላል።

ኃይሉ በየዙሩ ስለሚባክን ጉብታዎቹ ሹል አይደሉም፤ ወደ 2 ኸርዝ የሚሆን ስፋት አላቸው። "7.83" የተባለውም የዚያ ሰፊ ጉብታ አማካይ እንጂ የተቸነከረ ቁጥር አይደለም። በቀኑ ሰዓትና በወቅቱ ጥቂት አሥረኛ ኸርዝ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ደረጃ 3፦ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ መቀበል

የሹማን ሬዞናንስ ማግኔታዊ ጥንካሬ ወደ 1 ፒኮቴስላ ነው (ቴስላ የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ፒኮ የትሪሊዮን አንዷ፣ ማይክሮ የሚሊዮን አንዷ ማለት ነው)። ኮምፓስን የሚያዞረው የምድር ማግኔት በኢትዮጵያ 36 ማይክሮቴስላ አካባቢ ነው። ሬዞናንሱ ከዚያ 36 ሚሊዮን ጊዜ ያንሳል። በስልክ አፕሊኬሽን የሹማን ሬዞናንስን እንለካለን የሚሉትን ለመመዘን ይህች ቁጥር ትበቃለች። የስልክ ማግኔት ሴንሰር እዚህ ደረጃ አይደርስም።

ደረጃ 4፦ ቦታ መምረጥ

ትልቁ ጠላት መብራት ኃይል ነው። ኢትዮጵያ፣ እስራኤልና አውሮፓ ውስጥ መስመሩ በ50 ኸርዝ ይሠራል፤ አሜሪካና ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በ60። ከተማ መሃል የመስመሩ ማግኔት ከሬዞናንሱ በሺዎችና በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። በረንዳ ላይ ሆኖ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ከተራ የመብራት መስመር ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ከከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ብዙ ኪሎ ሜትር ራቁ። ለዚህ ለዚህ መብራት ያልገባበት ገጠር ዘመድ ያለው ሰው የታደለ ነው።

ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ስዊድን ወይም ኖርዌይ የምትኖሩ ሌላም ፈተና አለባችሁ። የኤሌክትሪክ ባቡራቸው በ16.7 ኸርዝ ነው የሚሠራው። ይህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጉብታ መካከል ይገባል። ከሐዲድም ራቁ።

መኪናም ብረት ስለሆነ 100 ሜትር ርቀት ላይ ሲያልፍ ይታያል። ከመንገድ፣ ከሽቦ አጥርና ነፋስ ከሚያወዛውዘው ዛፍ ሥር ሽሹ።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። አካባቢው ላይ ደመና ከጠቆረና ነጎድጓድ ከተሰማ ሥራውን አቁማችሁ ቤት ግቡ። ለመለኪያው የሚያስፈልገው ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚወድቅ መብረቅ እንጂ አጠገብ የሚወድቅ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ጥቅሉን መሥራት

ተለዋዋጭ ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲያልፍ ቮልቴጅ ይፈጥራል። መጠኑ የሚገኘው 6.28ን በድግግሞሹ፣ በዙሮቹ ብዛት፣ በጥቅሉ ስፋትና በማግኔቱ ጥንካሬ በማባዛት ነው።

የምመክረው ንድፍ ይህ ነው። ጎኑ 1 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን የእንጨት ፍሬም፣ 1,000 ዙር፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ። ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ያስደነግጣል፣ ግን ክብደቱ 1.1 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ሞተር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች ዘንድ የሚገኘው ዓይነት ሽቦ ነው። የመጠምጠሚያ ማሽናቸውን ቆጣሪ መጠቀም ከቻላችሁ ደግሞ ብዙ ድካም ይቀንስላችኋል።

ይህ ጥቅል ለ1 ፒኮቴስላ በ8 ኸርዝ 50 ናኖቮልት ያህል ይሰጣል። የቮልት ሃያ ሚሊዮንኛ ነው። ሽቦው ራሱ በሙቀቱ የሚፈጥረው ረብሻ በአንድ ኸርዝ ስፋት 6 ናኖቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ከረብሻው ይበልጣል። ዙሩን ወደ 300 ብትቀንሱ ግን ምልክቱ አምፕሊፋየሩ (ምልክቱን የሚያጎላው ዕቃ) ወደሚጨምረው ረብሻ ይጠጋል። 1,000 ያልኩት ለዚህ ነው።

ስትጠመጥሙ በየ200 ዙሩ አቁማችሁ በመልቲሜትር ለኩ። 200 ዙር 440 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ሙሉው 2,200 ኦም አካባቢ ይሆናል። ቁጥሩ ከዘለለ ወይም ከጠፋ ሽቦው የሆነ ቦታ ተበጥሷል። ይህን መጨረሻ ላይ ከማወቅ እየሄዱ ማወቅ ይሻላል። ፍሬሙን በብረት ሚስማር አትምቱት፤ ኮላና የእንጨት ችንካር ተጠቀሙ።

ጠምጥማችሁ ስትጨርሱ በፕላስቲክ ሸፍኑት፣ ከላዩ ላይ የኩሽና አልሙኒየም ፎይል ጠቅልሉበት። ፎይሉ ዙሪያውን መገናኘት የለበትም፤ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ። ከተገናኘ ፎይሉ ራሱ እንደ አንድ ዝግ ዙር ሆኖ ምልክቱን ይበላዋል። ፎይሉን ከአምፕሊፋየሩ ግራውንድ ጋር አገናኙ።

አሁን ወደ አቀማመጡ። የፍሬሙ ገጽ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ቀጥ ብሎ ይቁም። በዚህ አቋም ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚመጣውን ሞገድ ይይዛል። ለኢትዮጵያ ደግሞ ይህ አቋም የተለየ ጥቅም አለው፤ ይህን ጥቅም በትክክል መረዳት ተገቢ ነው።

ጥቅሉ በነፋስ ቢወዛወዝ የምድርን ማግኔት ሲቆርጥ ሐሰተኛ ምልክት ይፈጥራል። አንድ ዲግሪን ለ100,000 ከፍላችሁ አንዷን ብቻ ያህል ቢነቃነቅ፣ በመጥፎው አቅጣጫ ከሆነ፣ 6 ፒኮቴስላ ያህል ይሰጣል። የሬዞናንሱ ስድስት እጥፍ! ኢትዮጵያ ግን በማግኔታዊው ምድር ወገብ አጠገብ ናት። የምድር ማግኔት እዚህ ከሞላ ጎደል አግድም ሆኖ ወደ ሰሜን ይጠቁማል፤ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ውስጥ እንዳለው ወደ መሬት አያዘነብልም። የጥቅላችሁ ዘንግ በትክክል ወደ ማግኔታዊው ሰሜን ከዞረ ትንሽ መወዛወዝ የሚፈጥረው ለውጥ እጅግ ይቀንሳል። በኮምፓስ በጥንቃቄ አስተካክሉት። ይህን ዕድል ጀርመን ወይም ካናዳ ያለ ሰው በቀላሉ አያገኘውም።

እንዲያም ሆኖ ጥቅሉን ቅበሩት። ከመሬት በታች ገብቶ አፈር ሲመለስበት ነፋሱ አያገኘውም። ጠባብ ቦይ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ አምፕሊፋየር

አምፕሊፋየሩ ጥቅሉ አጠገብ ይሁን፤ ረጅም ገመድ ረብሻ ይሰበስባል። የመጀመሪያው ክፍል ረብሻው ዝቅተኛ የሆነ ቺፕ ይፈልጋል። ኦፒ 27 የሚባለው ለዚህ ጥቅል ይስማማል። 100 ጊዜ እንዲያጎላ አድርጉት። ከዚያ በካፓሲተር ከ2 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ አለበለዚያ የቺፑ ትንሽ ቋሚ ቮልቴጅ ተባዝቶ ቀጣዩን ክፍል ይደፍነዋል። ቀጥሎ ከ40 ኸርዝ በላይ ያለውን የሚቀንስ ፊልተር አስገቡ። በመጨረሻ ሁለተኛ ማጉያ ጨምሩና ጠቅላላው 100,000 ጊዜ ይድረስ። መጀመሪያ ላይ ግን በ10,000 ሞክሩ። በ50 ኸርዝ ከተጥለቀለቀ ቦታው አልተስማማም ማለት ነው።

ኃይሉ ከባትሪ ብቻ ይሁን። ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ከተሰካ ያያችሁት ሁሉ የቻርጀሩ ነው።

ደረጃ 7፦ መቅዳት

የላፕቶፕ ማይክራፎን መሰኪያ አትጠቀሙ። አብዛኛው ከ20 ኸርዝ በታች ያለውን ይቆርጣል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ያንን ነው። አርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ ቮልቴጁን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ባለ 16 ቢት ኤዲኤስ 1115 መቀየሪያ አገናኙና በሰከንድ 250 ጊዜ አንብባችሁ ሜሞሪ ካርድ ላይ አስቀምጡ። ቤት ስትመለሱ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፋይሉን በ10 በ10 ሰከንድ ቆራርጡት፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ የፉሪየር ትንተና (በየድግግሞሹ ያለውን ኃይል ለይቶ የሚያሳይ ስሌት) ሥሩ፣ ውጤቱን በአማካይ አስሉ።

አማካዩ ወሳኝ ነው። የአንድ ቁራጭ ግራፍ ሾህ ብቻ ነው፤ ምንም አይነበብበትም። ግማሽ ሰዓት ስትቀዱ 180 ቁራጭ ይኖራችኋል፣ መዋዠቁም ወደ አሥራ ሦስት እጥፍ ይቀንሳል። ጉብታዎቹ ብቅ የሚሉት ያኔ ነው። ሙሉ ቀን መቅዳት ከቻላችሁማ የተሻለ።

ደረጃ 8፦ ያያችሁት እውነት መሆኑን መፈተን

8 ኸርዝ አካባቢ ከፍታ ስላየን ብቻ አገኘነው ማለት አይቻልም። ቅርጹን ተመልከቱ። ሬዞናንሱ ሰፊ ጉብታ ነው። እንደ መርፌ የቀጠነ መስመር ካያችሁ የሞተር ወይም የፓምፕ ሥራ ነው። ቀጥሎ ጓደኞቹን ፈልጉ። 7.8 ብቻውን አይመጣም፤ 14 እና 20 ላይም ጉብታ ሊኖር ይገባል።

ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ግን ይህ ነው። ጥቅሉን ነቅላችሁ በቦታው 2,200 ኦም ሬዚስተር ግጠሙ። በዚያው ቦታ፣ ለዚያው ያህል ሰዓት ቅዱ። ጉብታዎቹ ከጠፉ ከውጭ የመጡ ነበሩ። ካልጠፉ አምፕሊፋየሩ ራሱ እየፈጠራቸው ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ግራፍ ለማንም አታሳዩ።

ደረጃ 9፦ የዓለምን ነጎድጓድ በሰዓት መከተል

በዓለም ላይ ሦስት ትላልቅ የመብረቅ አካባቢዎች አሉ፦ ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ አፍሪካ (በተለይ የኮንጎ ተፋሰስ) እና ደቡብ አሜሪካ። ሁሉም የሚጠነክሩት በራሳቸው ከሰዓት በኋላ ነው፣ መሬቱ ሲሞቅ። በዓለም አቀፉ ሰዓት 8፣ 14 እና 20 አካባቢ ነው። በእኛ አቆጣጠር እስያ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ አፍሪካ ከአመሻሹ 11 ሰዓት፣ ደቡብ አሜሪካ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ይበረታሉ።

እዚህ ላይ ቀላል የማይመስል ነገር አለ። በንድፈ ሐሳቡ የመጀመሪያው ሬዞናንስ ማግኔታዊ ክፍል ከመብረቁ አጠገብ ደካማ ነው። የሚጠነክረው 10,000 ኪሎ ሜትር ሲርቅ ነው። የደቡብ ምሥራቅ እስያዋ ደሴት ቦርኒዮ ከአዲስ አበባ 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የአማዞን መሃል ደግሞ 11,000 ያህል ይርቃሉ። ሁለቱም ለመጀመሪያው ጉብታ የተመቸ ርቀት ላይ ናቸው። ኮንጎ ግን ቅርብ ናት። ስለዚህ የረፋዱንና የምሽቱን ቅጂ ከአመሻሹ ጋር ስታነጻጽሩ የጉብታዎቹን ቁመት እርስ በርስ ተመልከቱ። አመሻሹ ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከመጀመሪያው አንጻር ከፍ ሊሉ ይገባል።

አልፎ አልፎ በቅጂያችሁ ላይ ከሌላው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነጠላ ምት ታያላችሁ። እጅግ ኃይለኛ መብረቅ ነው። ከነዚህ አንዳንዶቹ ከነጎድጓድ ደመና በላይ ስፕራይት የሚባለውን ቀይ ብልጭታ ከሚፈጥሩት መብረቆች ናቸው።

የሌሎችን ግራፍ ስታነቡ

ጥቅል ሳትሠሩም የምርምር ጣቢያዎችን መረጃ ማየት ትችላላችሁ። በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ ሚጽፔ ራሞን፣ በሃንጋሪ ናጂጼንክ፣ በሩሲያ ቶምስክ ጣቢያዎች አሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረው ባለ ቀለም ምስል አብዛኛውን ጊዜ የቶምስኩ ነው። ሲያነቡት ብዙዎች ይሳሳታሉ። ወደ ላይ የሚወጣው ዘንግ ድግግሞሽ ነው፣ ከ0 እስከ 40 ኸርዝ። አግድሙ ሰዓት ነው፣ በቶምስክ አቆጣጠር፤ ከኢትዮጵያ 4 ሰዓት ይቀድማል። ቀለሙ ጥንካሬ ነው። ነጭ ሰፊ ግርፍ ሲታይ "ድግግሞሹ 40 ደረሰ" ይባላል። ነጩ የሚለው ግን በዚያ ሰዓት በሁሉም ድግግሞሽ ላይ ብዙ ኃይል ተመዘገበ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በአቅራቢያ ያለ ነጎድጓድ ወይም ሰው ሠራሽ ረብሻ ነው። ሬዞናንሱን ከፈለጋችሁ 8፣ 14 እና 20 ላይ ያሉትን አግድም መስመሮች ተከተሉ። ቦታቸውን አይለቁም።

ድግግሞሹን በጉልህ ለመቀየር የሚያስፈልገውን ኃይል ለመገመት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሐምሌ 9 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከፓስፊክ ውቅያኖስ በላይ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የኑክሌር ቦምብ አፈነዳች። አዮኖስፌሩ ተናወጠ። የመጀመሪያው ሬዞናንስ የወረደው ግን በግማሽ ኸርዝ አካባቢ ብቻ ነበር፣ እሱም ለጊዜው። ወደ 13 ኸርዝ ወጣ የሚል ሰው አዮኖስፌሩን ምን እንዳደረገው መናገር አለበት።

የራሳችሁን ቅጂ ስታከማቹ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ቀኑን፣ ዓለም አቀፉን ሰዓት፣ ቦታውን፣ የማጉያውን መጠንና የአየሩን ሁኔታ ጻፉ። ኤርል ዊሊያምስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የሬዞናንሱ ጥንካሬ ከሐሩር አካባቢዎች ሙቀት ጋር አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አሳይቷል። ይህን ለማየት የወራት ቅጂ ያስፈልጋል፣ በአንድ ዓይነት አቀማመጥና በአንድ ዓይነት ማጉያ የተቀዳ። መሃል ላይ አምፕሊፋየሩን ከቀየራችሁ የድሮው ቁጥር ከአዲሱ ጋር አይነጻጸርም። ቢያንስ አንድ ቀን ሁለቱንም አምፕሊፋየሮች በየተራ ሞክራችሁ ልዩነታቸውን መዝግቡ።